መክፈቻው የሌለ አማና

የሰው ዕቃ በአማና ያልተቀበለ በመካከላችን የለም። ጎረቤት መንገድ ሲሄድ ከብቱን፣ ነጋዴ ገበያ ሲወርድ ገንዘቡን፣ ደረሳ ሲሰናበት ኪታቡን ትቶብን ይሄዳል። ይህ ሁሉ ቀላል ነው፤ ባለቤቱ ሲመለስ እነሆ ማለት ብቻ ነው። የሚያስቸግረው ዕቃው ተቆልፎ መክፈቻው ከባለቤቱ ጋር የሄደ፣ ባለቤቱም ያለበት ያልታወቀ እንደሆነ ነው። ያን ጊዜ መክፈት ለማን ይፈቀዳል? ለማንስ ይከለከላል? ይህን ጥያቄ ከኪታብ ላይ አላነሣሁትም። በገዛ ግቢዬ ከጣራ ክፈፍ ሥር ቆሞ የከረመ የሞተር ሳይክል ሣጥን ነው ያመጣብኝ።

የምኖረው በሌሞ ወረዳ፣ አባቶቻችን ዋቸሞ ይሏት ከነበረችው ከሆሳዕና ከተማ አጠገብ ነው። ሞተር በእኛ አካባቢ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ሁሉ ሰውም፣ እህልም፣ ወረቀትም የሚመላለሰው በእርሱ ነው። በተለይ ወረቀት! ለማመልከቻ፣ ለፎቶ ኮፒ፣ ለማኅተም ብሎ የሥራ ቀን ከሚያቃጥል የገጠሩ ሰው ጉዳዩን ለሚያምነው ሞተረኛ ያስይዛል። የጎረቤቴ ልጅ እንዲህ ያለ የታመነ ሞተረኛ ነበር። ከቦክሰር ሞተሩ ኋላ ጥቁር የፕላስቲክ ሣጥን አስገጥሞ ከሆሳዕና ወደ ጊምቢቹም ወደ ፎንቆም ይመላለስ ነበር።

በሰኔ ወር አንድ ምሽት፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ፣ ሞተሩን እየገፋ ወደ ግቢዬ ገባ። «ጋሼ፣ ይህ እርስዎ ዘንድ አማና ይሁን፤ ብዙ አልቆይም» አለኝ። አላህ መንገድህን ያቅናልህ አልሁት። ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅሁትም፤ ያልጠየቅሁትም ስለማውቅ ነበር። የሀዲያና የከምባታ ወጣት በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ መጉረፉ ለብዙ ዓመታት የኖርንበት ነገር ነው። በሣጥኑ ውስጥ ምን እንዳለም አልጠየቅሁትም። በኋላ ዋጋ ያስከፈለኝ ይህኛው ዝምታዬ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። አማርኛችን የሚዘጋውንም የሚከፍተውንም «ቁልፍ» ይለዋል። እንዳይምታታብን በዚህ ጽሑፍ የሚዘጋውን ቁልፍ፣ የሚከፍተውን መክፈቻ እላለሁ። እንግዲህ ቁልፉ እኔ ግቢ ቀረ፤ መክፈቻው ደግሞ በልጁ ኪስ ሆኖ አገር አቋርጦ ሄደ።

ክረምቱ አለፈ። ፍርድ ቤት ከክረምት ዕረፍቱ ተመልሶ ሥራ በጀመረበት በጥቅምት ወር መጀመሪያ አንዲት ባልቴት ከገጠር ቀበሌ በእግራቸው መጡ። ክርስቲያን ናቸው፤ የተነጋገርነውም በሀዲይኛ ነው። የመሬት ይዞታ ደብተራቸውን ፎቶ ኮፒ አስነሥቶ እንዲያመጣላቸው ለልጁ ሰጥተውት ነበር። የድንበር ክርክር ስላለባቸው ደብተሩን ይዘው መቅረብ አለባቸው፤ ቀጠሮው የቀረው ስምንት ቀን ነው። «እዚህ ውስጥ ሲያስገባው በዓይኔ አይቻለሁ» ብለው ሣጥኑን በጣታቸው አመለከቱኝ። የልጁ እናት ቤቱን ሁሉ ፈትሻ አላገኘችም። ስልኩ ከተዘጋ ደግሞ ሁለት ወር አልፎታል።

ስልክ ተዘጋ ማለት በእኛ ሰፈር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ በሚባለው ክፍለ ሀገር አንድ የጭነት መኪና ቆሞ ኮንቴነሩ ሲከፈት ከኢትዮጵያ የመጡ 64 ሰዎች ሞተው፣ 14 ብቻ በሕይወት ተገኝተዋል። ከዚያ ወዲህ ልጇ የሄደባት እናት ስልኩ ዝም ባለ ቁጥር የምታስበው ያንን ኮንቴነር ነው። የጎረቤቴም ሚስት «ሣጥኑን ክፈቱት፤ ምናልባት የሚያስረዳን ነገር ትቶልን ይሆናል» እያለች ታለቅስ ነበር።

ሦስተኛው ሰው ባለዕዳ ጠያቂው ነጋዴ ነው። ለልጁ ገንዘብ አበድሮታል፤ ልጁም ሳይከፍለው ሄዷል። ካቻቢቴ ይዞ መጣ። «ይህ እኮ በአንድ ጊዜ ብድግ የሚል ነገር ነው፤ ገንዘቤ እዚህ ውስጥ ቢኖርስ?» አለ። ልጅ ሳለ ጥቂት ቀርቶ ስለነበር ማስረጃም አላጣም፤ «ሚንሃጅ ላይ መብቱን የተከለከለ ሰው በር ሰብሮም ቢሆን ይወስዳል ይላል» ብሎ ሞገተኝ።

እኔ ማንንም አልከፍትም ብዬ መለስኋቸው፤ በአማና ላይ ቆሜአለሁ ብዬ ራሴንም አመሰገንሁ። ውድ አንባቢያን፣ ለእናንተ ግን እውነቱን ልንገራችሁ። በዚያው ሌሊት የቤቴን መክፈቻዎች ሁሉ ሰብስቤ፣ በእጅ ባትሪ እያየሁ፣ አንድ በአንድ በሣጥኑ ቁልፍ ላይ ሞከርኋቸው። የእህል ጎተራው ትንሿ መክፈቻ ገብታ ግማሽ ያህል ዞረች። ልቤ መታ። ያን ጊዜ ውሻ ጮኸና ነቅዬ ገባሁ። ቀን ለሰው የከለከልሁትን ሌሊት ለራሴ ልፈቅድ ነበር! ለባልቴቷ ብዬ እንዳልነበር አውቀዋለሁ፤ ለባልቴቷ ቢሆን ኖሮ በቀን አደርገው ነበር። ምን እንዳለ ማየት አምሮኝ ነው።

ያ ሌሊት አንድ ነገር አስተማረኝ። የሞተር ሣጥን ቁልፍ እጅግ ደካማ ነገር ነው። በውስጡ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ጥቂት ስስ ብረቶች አሉ፤ መክፈቻው ሲገባ ሁሉንም አስተካክሎ ያሰልፋቸዋል፣ ያን ጊዜ ይዞራል። በርካሾቹ ሣጥኖች ላይ የጥርሱ ዓይነት ጥቂት ስለሆነ የአንዱ መክፈቻ ሌላውን የሚከፍትበት ጊዜ አለ፤ ሲያረጅማ የባሰ ነው። ሌባ ይህ አይከለክለውም፤ ሣጥኑን ከነማቀፊያው ፈትቶ ይዞት ይሄዳል። ታዲያ ልጁ ለምን ቆለፈው? እንደ እኔ ላለው ሰው ነው የቆለፈው። ሰላም ብሎ ለሚገባ ጎረቤት፣ ለዘመድ፣ አማና ለተቀበለ ሰው «እስከዚህ ድረስ ነህ» የሚል ምልክት ነው። ለዚህ ይመስለኛል የሻፊዒ መዝሐብ ሊቃውንት በአማና የተሰጠን ዕቃ ማኅተሙን የሰበረ ወይም ቁልፉን የከፈተ ባለአደራ፣ ምንም ባይወስድ እንኳ፣ ከዚያ በኋላ ለሚደርሰው ጥፋት ተጠያቂ ነው ያሉት። ሳይከፍት ቢሰረቅበት፣ በጥበቃው ካልቸልተኛ በቀር፣ አይጠየቅም ነበር።

በማግሥቱ ከሱብሒ በኋላ ወደ መስጊዳችን ኢማም ሄጄ የሌሊቱን ጨምሬ ነገርኋቸው። በሌሊቱ ነገር አልገሠጹኝም። ስለ ካዕባ መክፈቻ አስታወሱኝ እንጂ። መካ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ630፣ ስትከፈት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዐሥር ሺህ ሰው አስከትለው ነበር። ከተማይቱ በእጃቸው ናት፤ በሩ ግን ተቆልፏል፣ መክፈቻውም በዑስማን ኢብን ጠልሐ ቤት ነው። ኢማም ሙስሊም በሰሒሓቸው እንደዘገቡት ዑስማንን ጠርተው መክፈቻውን እንዲያመጣ ጠየቁት። እርሱ ወደ እናቱ ሄደ፤ እናቱም አልሰጥም አለችው። ልጅየው ሰይፍ እስኪያነሣ ድረስ ተከራከሩ። ያ ሁሉ ሲሆን እኚያ ታላቅ ነቢይ መክፈቻው እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ዐሥር ሺህ ሰው አንድ በር መስበር ያቅተዋልን? በኋላም መክፈቻውን ለዚያው ቤተሰብ መመለሳቸው በሲራ የታወቀ ነው፤ እስከ ዛሬም በበኑ ሸይባ ዘንድ ይገኛል። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ የሚገርመኝ መመለሳቸው ነበር። በዚያ ጧት ግን መጠበቃቸው ገረመኝ።

«እንግዲያው ባልቴቷም ይጠብቁ?» ብዬ ጠየቅሁ። ኢማሙ የለም አሉ። ነጋዴው የጠቀሰውን የኢማም ነወዊን ሚንሃጅ አውጥተው ቦታውን አሳዩኝ። ኢማም ነወዊ በ676 ዓመተ ሂጅራ ያረፉ ሊቅ ናቸው፤ ሆኖም የእኔን ግቢ አይተው የጻፉት ነው የሚመስለው። ነገሩን በሁለት ይከፍሉታል። አንድ ሰው የሚጠይቀው የገዛ ዕቃውን ከሆነ፣ ያንኑ ራሱን፣ ፈተናና ጠብ የማያስነሣ እስከሆነ ድረስ ራሱ ሊወስደው ይችላል፤ ጠብ የሚፈራ ከሆነ ወደ ዳኛ ይሄዳል። የሚጠይቀው ዕዳ ከሆነ ግን ተበዳሪው ማን መሆኑ ይታያል። አልከፍልም ብሎ እንቢ ያለ ወይም ጭራሽ የካደ ከሆነ አበዳሪው ከንብረቱ ላይ መብቱን እንዲወስድ፣ ካልሆነለትም በር እንዲሰብር ፈቅደዋል። እንቢ ያላለን ሰው ግን መጠየቅ እንጂ ከንብረቱ አንዳች መውሰድ አይፈቀድም። ነጋዴው ያስታወሰው መካከለኛውን ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ሁላችንም ከኪታብ የምናስታውሰው የሚጠቅመንን ነው መሰለኝ።

ልጁ ክዷልን? አልካደም። እንቢ ብሏልን? ዛሬ ስልክ የለውም እንጂ አላለም። ባልቴቷ ግን የሚጠይቁት ዕዳ አይደለም፤ ስማቸው የተጻፈበትን ደብተር ነው። ደብተሩ ልጁ ዘንድ አማና ነበር፤ ልጁ ደግሞ አማናውን በአማና ውስጥ ቆልፎ እኔ ዘንድ ተወው። ባለቤቷ ሙስሊም አለመሆናቸውም አንዳች አይቀንስም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ሲሰደዱ ሊገድሏቸው ያሤሩትን ሰዎች ዕቃ እንዲመልስ ዐሊን (ረ.ዐ.) ትተውት መሄዳቸውን ከመድረሳ ሕፃናት የማያውቅ የለም።

ቁልፍ ቀራጩ የሚሠራው ሆሳዕና ገበያ አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ኪዮስክ ውስጥ ነው። ነገሩን ስነግረው በመጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ቁልፉ አልነበረም። «ሣጥኑ የማን ነው?» አለኝ። የሌላ ሰው ነው አልሁት። «እንዲህ ያለ ሥራ ለብቻህ ቆመህ አልሠራልህም። ሽማግሌ ጥራ፤ በቀን ይሁን፤ እኔም በደብተሬ እጽፈዋለሁ» አለ። የሚከፍተውን ሁሉ ቀኑን፣ ያስከፈተውን ሰውና ምስክሩን ይጽፋል። ደሞዙ በቁልፍ ብዛት የሆነ ሰው ሥራ ሲመልስ ማየት ያስደስታል። ይህ ሰው እጁ የማይከፍተው በር በከተማው ውስጥ የለም፤ ስለዚህ የከተማው በር ሁሉ ዘንዶ የሚጠብቀው ያህል የሚጠበቀው በእርሱ ደብተር ነው ብል አላጋነንሁም።

ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ ተሰበሰብን። ኢማሙ፣ ከባልቴቷ ጋር የመጡ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ የልጁ እናት፣ ነጋዴው፣ ባልቴቷና እኔ። ኢማሙ ቁልፉ ሳይነካ በፊት ተናገሩ። ችግር የፈቀደው ነገር በችግሩ ልክ እንደሚለካ፣ የሚከፈተውም ለደብተሩ ብቻ እንደሆነ አስታወቁ። ይህ የፊቅህ መርሕ ዑስማኒዮች እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 ባዘጋጁት መጀላ በሚባለው የሕግ መድብል አንቀጽ 22 ሆኖ ሠፍሯል።

ቁልፍ ቀራጩ በመጀመሪያ የቁልፉን ፊት ጠርጎ ቁጥር ተጽፎበት እንደሆነ ፈለገ። ደኅና ፋብሪካ በሚሠራቸው ሣጥኖች ላይ ቁጥር ይኖራል፤ በቁጥሩ ሌላ መክፈቻ ማሠራት ይቻላል። በዚህኛው ላይ አልነበረም። ቀጥሎ የእርሳስ ዱቄት ነፋበት። ዘይት ለምን አታደርግም ብለው፣ ዘይት ለጊዜው ያለሰልሳል እንጂ አቧራ ሰብስቦ ይደፍነዋል አለኝ። በሁለት ቀጫጭን ብረቶች ብዙ ታገለው። ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ስለገባው ስስ ብረቶቹ በዝገት ተጣብቀዋል። በመጨረሻ «መሰርሰር አለብኝ፤ ቁልፉ ይጠፋል፣ ሣጥኑ ይተርፋል» አለ። ካቻቢቴውን አስገብቶ ክዳኑን ቢፈነቅል ግን ማጠፊያው ተሰንጥቆ ሣጥኑ ዳግመኛ ውኃ የማይከለክል ይሆን ነበር። ኢማሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሰረሰረው።

ክዳኑ ተነሣ። የዝናብ ልብስ፣ አንድ ካንዴላ፣ የስልክ ቻርጀር፣ በላስቲክ የተጠቀለለው የባልቴቷ ደብተር። ከሥሩ ደግሞ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በክር የታሰረ ወፍራም ፖስታ። ስም አልተጻፈበትም።

ነጋዴው እጁን ሰደደ። ኢማሙ በእርሱ እጅ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። «ገንዘብ ነው፤ ታያላችሁ» አለ። «ቢሆንም የልጁ ገንዘብ ነው። ወደ ፍርድ ቤት ሂድ፤ እኔም ምስክርህ እሆናለሁ፣ አበድረኸዋል» አሉት። ይህን ያሉት ከልባቸው ነው፤ ዕዳ ለሸሂድ እንኳ እንደማይማር የምናምን ሰዎች የነጋዴውን ብሶት ልናቃልል አይገባንም። ከእርሱ ይልቅ ግን ያስጨነቀኝ የእናቲቱ ዓይን ነው። ፖስታውን እንደ ልጇ ፊት ነበር የምታየው። «ሞቶ ከሆነ የመጨረሻ ቃሉ እዚህ ይሆናል፤ ለእኔም ትከለክሉኛላችሁ?» አለች። ኢማሙ ብዙ ዝም ብለው ቆዩ። የጠፋ ሰው ሞቱ እስኪረጋገጥ በሕይወት እንዳለ ይቆጠራል፤ ንብረቱም የእርሱ ነው፤ ሕጉ ይህ ነው። ለእርሷ ግን በሕጉ ቋንቋ አልነገሯትም። «እህቴ፣ ይህን ከከፈትን ሞቷል ብለን ፈረድንበት ማለት ነው። እኔ አልፈርድበትም፤ አንቺስ?» አሏት። እርሷም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ አለች።

ትክክል አድርገን እንደሆነ ዛሬም አንዳንድ ሌሊት እጠይቃለሁ። ፖስታው ውስጥ የስልክ ቁጥር ኖሮ ቢሆንስ? ስለ እናቲቱ ብዬ ክፈቱት ለማለት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የከለከለኝ የጎተራዬ መክፈቻ ነች፤ የራሴን ጉጉት ከእናት ናፍቆት ለይቼ ማወቅ አቅቶኝ ነበርና።

ደብተሩ ለባልቴቷ ተሰጠ። ሣጥኑ በአዲስ ቁልፍ ተዘጋ። ከዚያ ክፍያው መጣ። ባልቴቷ ከመቀነታቸው ብር ሊፈቱ ሲሉ ኢማሙ ከለከሏቸው፤ የገዛ ዕቃዋን የወሰደች ሴት የምትከፍለው የለም። ነጋዴው ዘወር አለ። እንግዲህ ማን ይክፈል? መጀላ በአንቀጽ 33 ችግር የሌላውን ሰው መብት አይሽርም ይላል በሚል ትርጉም የሚታወቅ ድንጋጌ አለው፤ ችግር ኃጢአቱን ያነሣል፣ ዋጋውን ግን አያነሣም ማለት ነው። የተሰበረው የልጁ ቁልፍ ነው፤ ስለዚህ በአዲስ መተካት አለበት። እኔ እከፍላለሁ አልሁ። ኢማሙ ግዴታ የለብህም ቢሉኝም፣ ያን ምሽት «በሣጥኑ ውስጥ የሰው ዕቃ አለን?» ብዬ አንዲት ጥያቄ ጠይቄው ቢሆን ኖሮ ደብተሩን አውጥቶ ይሰጠኝ ነበር። አማና ስንቀበል ጨዋነት እየመሰለን የማንጠይቀው ብዙ ነው።

አዲሱ ቁልፍ ሁለት መክፈቻ ነበረው። አንዱን ኢማሙ ያዙ፤ ሌላውን እኔ ግድግዳዬ ላይ በምስማር ሰቀልሁት። ባልቴቷ በቀጠሯቸው ቀን ደብተራቸውን ይዘው ቀረቡ።

በየካቲት ወር ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ልጁ ነው፤ ከጆሃንስበርግ። መጀመሪያ እናቱ ዘንድ ደውሎ ነበር፤ በስልኩ ውስጥ እልልታዋ እስከ እኔ ግቢ ድረስ በአየር ተሰምቶ ስለነበር በሕይወት መኖሩን አስቀድሜ አውቄአለሁ። አልሐምዱሊላህ ተባባልን። ስለ ሞተሩ ነገርሁት፤ ስለ ደብተሩም፣ ስለ ተሰረሰረው ቁልፍም። ለሌሊቱም ሙከራዬ «ሐላል በለኝ» አልሁት። ስለ ደብተሩ ሲሰማ ድምፁ ጠፋ፤ «ወላሂ ረስቼው ነው ጋሼ» አለ፣ ያለቅስም ነበር። አሮጌውን መክፈቻ ማላዊ ውስጥ ከልብሱ ጋር እንደወሰዱበት ነገረኝ።

ከዚያ ቀስ ብሎ «ፖስታውስ?» አለኝ።

«እንደታሰረ ነው» አልሁት።

ከወዲያኛው ጫፍ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። ለነጋዴው በየወሩ ሊልክለት እንደጀመረ ነገረኝ። ስለ ፖስታው ግን ሌላ ቃል አልጨመረም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። መክፈቻው እስከ ዛሬ ከምስማሩ ላይ አለ።